ለለቅሶው ቤት ያነሣሁት እጅ

ስምንት ዓመት የባይዴል ምክር ቤት አባል ሆኜ ቆየሁ። ባይዴል ማለት የኦስሎ ክፍለ ከተማ ነው። ባለፈው ጥቅምት ጊዜዬ አለቀና ወጣሁ። በስንብቱ ቀን አበባና አንድ መጽሐፍ ሰጡኝ። መጽሐፉ ስለ ወፍ ነው። ወፍ አልወድም። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ "ይሄ ሰውዬ ምን ይወዳል?" ብሎ አልጠየቀም ማለት ነው። አበባውን ለልጄ ለሩት ሰጠኋት፤ መጽሐፉ እስካሁን ከላስቲኩ አልወጣም።

በቤተ ክርስቲያን "ፓርላማው" ነው የሚሉኝ። "ፓርላማው መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት!" ይላሉ፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ሲያሾፍ። ፓርላማ አልነበርኩም። አሥራ አምስት ሰዎች በወር አንዴ፣ ከሥራ መልስ፣ የተማሪ ወንበር በሚመስል ወንበር ላይ ተቀምጠን ስለ መንገድ መብራት፣ ስለ አረጋውያን ምሳ፣ ስለ ባርነሃገ (የሕፃናት ማቆያ ነው) እንከራከር ነበር። አበሉ ለወር የባቡር ካርድ ቢበቃ ነው። ስለ አበሉ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ግን ይናፍቀኛል። "ደምሴ መራራ ነው" ይሉኛል፤ ነኝ። መራራ ሰውም ይናፍቀዋል። ዓርብ ዓርብ ይመጣ የነበረው ቡናማ ፖስታ ይናፍቀኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የስብሰባው ወረቀት በፖስታ ነበር የሚላክልን። ከመወፈሩ የተነሣ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ እያለ ግማሹ ወጥቶ ይጠብቀኛል። የደረጃው ጎረቤት ሁሉ ያየዋል። እንዲያየውም እፈልግ ነበር። ኋላ ነገሩ ሁሉ ወደ ታብሌት ገባ፤ ታብሌት ደግሞ ከሳጥን ወጥቶ ለጎረቤት አይታይም። አርባ ሁለት ዓመት ፊደል ሳይቆጥር የኖረ ሰው ብቻ ነው ይሄ የሚገባው።

ከአዲስ አበባ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ረዳት ጎማ ይቀይራል፣ ታኮ ያስገባል፣ ሸራ ያስራል፣ ሾፌሩ ሲተኛ ዕቃ ይጠብቃል። ለዚህ ሁሉ ፊደል አያስፈልግም። የመሠረተ ትምህርት ሰዎች ሰፈር ሲደርሱ መኪናው ሥር ገብቼ እተኛለሁ። "ዘይት እየፈሰሰ ነው" እላለሁ። ሦስት ጊዜ ፈሰሰ። በአራተኛው አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ አየችኝና "ይቺ መኪና እኮ ከነዳጅ ማደያው ይልቅ እሷ ዘይት አላት" ብላ ስሜን ሰረዘች። ያን ጊዜ እየሳቅኩ ወጣሁ። ያቺን ሴትዮ ዛሬ ባገኛት እግሯን እስማለሁ።

በሱዳን በኩል አድርጌ እዚህ ስደርስ ሠላሳ ምናምን ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ የኖርኩት ግሮሩድ ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሆነን፣ ከመስኮቱ ማዶ ጫካ። ሥራዬ ጽዳት። ትምህርት ቤት አጸዳሁ፣ ክሊኒክ አጸዳሁ፤ በኋላ ቢየርቪካ፣ የድሮው ወደብ ወደ መስታወት ሕንፃነት ሲለወጥ፣ ከአናጢዎቹ እግር ሥር እየገባሁ አቧራቸውን ጠረግሁ። የጽዳት ፈሳሽ የምለየው በቀለም ነበር፤ ሰማያዊው ለመስታወት፣ ቀዩ ለሽንት ቤት፣ አረንጓዴው ለወለል። አንድ ቀን ድርጅቱ ዕቃ የሚያቀርብለትን ሰው ቀየረ። የአዲሱ ሰውዬ አረንጓዴ የወለል ሰም መላጫ ኖሯል። አንድ ፎቅ ሙሉ ወለል ወለወልኩ። በማግስቱ ጠዋት የኮሪደሩ ሰም በፀሐይ እንደተቃጠለ ቆዳ ተልጦ አገኘነው።

አለቃዬ ዝምተኛ ሰው ነበር። ጠርሙሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና፣

"አንብበው" አለኝ።

ጠርሙሱን ወዲህም ወዲያም አዞርኩት። "መነጽሬን ረስቻለሁ" አልኩት።

"አባቴም መነጽሩን ይረሳ ነበር" አለኝ። "ዓሣ አጥማጅ ነበር። እስኪሞት እንደረሳ ቀረ።" ከዚያ ስልኩን አነሣና እዚያው ፊት ለፊቴ የማታ ትምህርት ቤት ደውሎ አስመዘገበኝ። ያበላሸሁትን ወለል ድጋሚ አላነሣብኝም። ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ከሁሉም እሱን ነው በደግ የማነሣው።

የኖርዌጂያንን ፊደል በአርባ ሁለት ዓመቴ ቆጠርኩ። የአማርኛውን ደግሞ ከዚያ በኋላ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ከሕፃናቱ ጋር ተቀምጬ። ሩት ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከፊቴ ወንበር ነው የምትቀመጠው። ዞር ትልና "ፓፓ፣ ናይ፣ ጮክ አትበል" ትለኛለች። "ናይ" የእነሱ "አይ" ናት፤ የእኛም ልጆች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሉት። እኔ ግን ጮክ ካላልኩ አላነብም ነበር።

ካነበብኩ በኋላ ዝም አላልኩም። የሠራተኛ ማኅበር ተጠሪ አድርገው መረጡኝ፤ ስለሚወዱኝ ሳይሆን ስለማላስቀምጣቸው። መጨረሻ ላይ የተመደብኩት ስቶቭነር የገበያ ማዕከል ነው፤ ጉንቮርን ያገኘሁትም እዚያ፣ መጥረጊያ ይዤ ነው።

ጉንቮር ጡረታ የወጣች ፖስታ አዳይና የምክር ቤቱ አባል ነበረች። ሠላሳ ዓመት በእነዚያ ፎቆች ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ የኖረች፣ ቀጭን፣ ረጅም ሴት። በምርጫ ሰሞን የገበያው በር ላይ ቆማ የፓርቲዋን ወረቀት ታድላለች። ሰው ይቀበልና አሥር እርምጃ ሄዶ ይጥለዋል።

"እሜቴ፣ ወረቀትሽን ከመሬት የምለቅመው እኔ ነኝ" አልኳት በራሳቸው ቋንቋ።

"ስታነሣው ታነበዋለህ?"

"አነበዋለሁ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር ውሸት ነው። አውቶብሱ በየአሥር ደቂቃው አይመጣም።"

ወረቀቱን ተቀብላኝ አየችው። ከዚያ ቀሪውን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና "ቡና ትጠጣለህ?" አለችኝ። በሚቀጥለው ምርጫ ስሜን በፓርቲዋ ዝርዝር ውስጥ አስገባችው፤ አሥራ አራተኛ። አሥራ አራተኛ ማለት ለጌጥ ነው፤ ስደተኛም አለን ለማለት።

እዚህ አገር ግን በአካባቢ ምርጫ፣ መራጩ ከፈለገው ሰው ስም አጠገብ ምልክት ማድረግ ይችላል፤ ምልክት የበዛለት ከፍ ይላል። የእኛ ሰዎች ይሄን ሲሰሙ ማን ይቻላቸው! ከቅዳሴ መልስ የምርጫ ወረቀቱን ይዘው "አሥራ አራተኛው፣ አሥራ አራተኛው ጋ" እየተባባሉ ሄዱ። ስንት ሰው ዘልዬ ገባሁ። ሦስተኛ የነበረው ቶር የሚባል የእንጨት ሥራ አስተማሪ ወንበሩን አጥቶ የእኔ ቫራ ሆነ፤ ቫራ ማለት አባሉ ሲቀር የሚተካው ሰው ነው። ቶር ከዚያ ወዲህ ሲያገኘኝ አንገቱን ነቅንቆ ያልፋል፣ ቃል አይወጣውም። ቂም ይዞብኛል ብዬ መዘገብኩት።

የምክር ቤት ሥራ ጥበብ አለው ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ያለው ጉንቮር ማድ ቤት ነው እላለሁ። እሑድ ከሰዓት ፖስታዬን ይዤ እሄዳለሁ። የእንጨት ማስመሪያ ትሰጠኝና መስመር በመስመር እያስቀመጥኩ ጮክ ብዬ አነባለሁ። እሷ ድንች ትልጣለች። በመጀመሪያው እሑድ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሦስት ጊዜ ተደናቀፍኩና አፈርኩ።

"ቁም" አለችኝ። "የተደናቀፍክበት ቦታ ላይ አስምርበት።"

"ለምን? ማንበብ ስለማልችል?"

"የደበቁት እዚያ ስለሆነ። ሰው ደግ ነገር ሲጽፍ በአጭሩ ይጽፋል። ክፉ ነገር ሲጽፍ ያስረዝመዋል። ፈጥኖ የሚያነብ ይዘለዋል። አንተ መዝለል አትችልም፤ ለዚህ ነው የፈለግኩህ።"

አንዴ የአረጋውያን ማዕከል "የአገልግሎት ሰዓት ማስተካከያ" የሚል ጉዳይ መጣ። ሁሉም ራሱን ሊነቀንቅ ተዘጋጅቷል። እኔ ግን ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ ባቡር በሚያህል አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ወድቄ ነበር። ማስመሪያዬን አስቀምጬ ስፈታው፣ ቅዳሜና እሑድ ትኩስ ምግብ ይቀራል ነው የሚለው። ስብሰባ ላይ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀስ ብዬ አነበብኩት፤ ሌላ ንግግር አላደረግኩም።  ምግቡ ሳይቀር ቀረ። አሁንም በዚያ ሳልፍ የድንቹ ሽታ ሲወጣ እቆማለሁ።

ሌላም ልማድ ነበራት። ያልቆመችበት ቦታ ላይ ድምፅ አትሰጥም። ስለ አንድ የእግር መንገድ ልንወስን ከሆነ በበረዶም ቢሆን ጫማዋን አጥብቃ ሄዳ ትቆምበታለች፤ እኔንም ትጎትተኛለች። መሄጃችን ላይ በወረቀት የጠቀለለችውን ዳቦና ቡናማ አይብ አውጥታ ቆማ ትበላለች። የስብሰባውን ኬክ አትነካም። "ኬካቸውን የበላሁ ቀን እጄ ቶሎ ይነሣል" ትላለች። በጭቅጭቅ ላሸነፈችው ሰው ደግሞ በማግስቱ ትደውላለች። ምን እንደምትለው አላውቅም፤ ጠይቄያት "ስለ አየሩ ነው" አለችኝ።

ከእሷ ያልተማርኩት፣ የራሴ የሆነ ልማድ አንድ ብቻ ነው። ለንደን የሚኖር ወንድሜ፣ የሰፈሩ የፓርላማ አባል ዓርብ ዓርብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጠረጴዛ ይዞ የመጣውን ሁሉ እንደሚሰማ ነገረኝ። "የአውቶብስ ሾፌር ልጅ ነው፤ ከኤርትራ፣ ከፖላንድ፣ ከየትም ሁን፣ ተራህን ጠብቀህ ትነግረዋለህ" አለኝ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የገበያው ካፌ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ያዝኩ፤ ድሮ የምወለውለው ጠረጴዛ ነው። ጉንቮር አልወደደችውም። "ሰው ብቻህን ሲያገኝህ ቃል ያስገባሃል" አለች። የሰማኋት መስሎኝ ነበር።

ዘነበች ወደዚያ ጠረጴዛ የመጣችው በኅዳር ነው። ዘነበችን ከግሮሩድ ዘመኔ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ሃያ ዓመት ባርነሃገ ውስጥ የሰው ልጅ ስታሳድግ የኖረች፣ የባለቤቷ የጋሽ ተሾመ ነርስም የነበረች ሴት ናት። ጋሽ ተሾመ ሳንባው ሊያልቅ ደርሷል። ሐኪሞቹ ነግረዋታል።

"ደምሴ" አለችኝ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ። "እሱ ሲሄድ የት ነው የማለቅሰው?"

ጥያቄው ለሌላ አገር ሰው ግራ ይሆን ይሆናል። ለእኛ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ሰው ሦስት ቀን ይቀመጣል። እዚህ ድንኳን የለም። አምስተኛ ፎቅ፣ ሁለት ክፍል፣ ከታች የሚተኛ ጎረቤት። ለቅሶ ስንደርስ ጫማችን ደረጃውን ይሞላዋል፤ ከቤቶች ማኅበሩ ደብዳቤ ይመጣል።

እድራችን ያን ጊዜ አንድ ቤት አይቶ ነበር። የባይዴሉ ንብረት የሆነ፣ ከጫካው ጥግ ያለ አሮጌ የእንጨት ቤት፤ ድሮ የወጣቶች ክበብ ነበር። ለዐሥር ዓመት እንዲፈቀድልን አመለከትን። አስተዳደሩ ደግሞ ለግል ድርጅት ማከራየት ይፈልጋል። ጉዳዩ ምክር ቤቱ ጋ ሊመጣ ነው። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ግርጌው ላይ "የእድሩ ዳኛ" ብሎ የፈረመውም እኔው ነኝ፤ የእድር ዳኛ ማለት ሰብሳቢው ነው።

"እዚያ ቤት ነው የምታለቅሺው" አልኳት።

"ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው።"

ተነሥታ ግንባሬን ስማኝ ሄደች።

በሚቀጥለው እሑድ ጉንቮር፣ ማስመሪያውን ሳትሰጠኝ በፊት፣ "በዚህ ጉዳይ አንተ አትገባም" አለችኝ። ሕጉን አውቀዋለሁ። አንድ አባል የራሱ ጥቅም ያለበት ጉዳይ ሲነሣ ተናግሮ ከአዳራሹ ይወጣል፤ ቫራው ይገባለታል። "ሰባት ይቃወማሉ፤ ሰባት አሉን። ስምንተኛው ቶር ነው። ለቤቱ እጁን እንደሚያነሣ ቃል ሰጥቶኛል።"

"ቶር ይጠላኛል።"

"ቶር አንተን አይጠላም። ቶር ማንንም አያናግርም። ተማሪዎቹንም አያናግርም።"

"እሺ" አልኳት። እሺ ስላት እውነቴን ነበር።

የስብሰባው ዕለት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ስገባ ግን፣ የሕዝብ መቀመጫው በእኛ ሰው ተሞልቷል። ነጠላ የለበሱ እናቶች አሉ። ዘነበች መጀመሪያው ረድፍ ላይ፣ ጋሽ ተሾመን ከነኦክስጂኑ በተሽከርካሪ ወንበር አምጥታዋለች። እኔ ስገባ ተነሡ። ሁሉም ተነሡ። ምክር ቤቱ ውስጥ ለማንም ተነሥቶ የሚያውቅ ሰው የለም።

ተራው ደረሰ። ሰብሳቢዋ ጉንቮር ነበረች። "በዚህ ጉዳይ የግል ጥቅም ያለው አባል አለ?" አለች፤ ዐይኗ እኔ ላይ።

እስቲ አስቡት። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ የተባለ ሰው፣ የዘመዱ ነገር ሲነሣ ብድግ ብሎ በር ዘግቶ ከወጣ ምን ይባላል? ሸሸ ነው የሚባለው። ከዳ ነው የሚባለው። ሕጉን ላስረዳቸው ይገባኝ ነበር፤ ከሳምንት በፊት፣ በአማርኛ፣ ቁጭ አድርጌ። አላስረዳሁም። "ፓርላማው ይጨርሰዋል" ሲሉ ደስ ይለኝ ነበራ። ቶር ከግድግዳው ሥር ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ጋሽ ተሾመ ቱቦው አፍንጫው ላይ እንዳለ ያየኛል። ወንበሬን ያዝኩ። ወለሉን አየሁ። ዝም አልኩ።

ጉንቮር ደገመችው። "የግል ጥቅም ያለው አባል አለ?"

ዝም።

ሦስተኛ አልጠየቀችም። ድምፅ ሲሰጥ እጄን አነሣሁ። ስምንት ለሰባት። የእኛ ሰዎች እልል አሉ፤ ጸሐፊው ደነገጠ። ዘነበች እያለቀሰች አቀፈችኝ። ቶር ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። እውነቱን ልናገር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ትልቅ ሆኜ አላውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ የአካባቢው ነዋሪ አቤቱታ አስገባ። ማመልከቻውን አያይዟል፤ ፊርማዬን በቀይ ከቦታል። ውሳኔው ፈረሰ። በትክክል ነው የፈረሰው። ጉንቮር ወደ ማድ ቤቷ ጠራችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ድንቹን አስቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"የት ላይ ነው የተደናቀፍከው?"

 መልሴን አልጠበቀችም፤ ልጣጩን ሰብስባ ጣለች።

ጉዳዩ በሁለት ወሩ እንደገና ሲቀርብ ወጣሁ። ኮሪደር ላይ ከካፖርቶች ጋር ቆምኩ። ቶር ገባልኝና እጁን አነሣ፤ ቃሉን ጠበቀ። ነገር ግን መጀመሪያ ከእኛ ጋር ከነበሩት ሁለት አባላት፣ "ይሄ ጉዳይ ሽታ አለው" ብለው ዞሩ። ቤቱ ለድርጅቱ ተከራየ። ቶር ሲወጣ አጠገቤ ቆመ፤ ካፖርቱን ለበሰ፣ የአንገት ልብሱን ጠመጠመ።

"ያሳዝናል" አለኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ ያለኝ ያችን ብቻ ነው።

ጋሽ ተሾመ በየካቲት አረፈ። ለቅሶው አምስተኛ ፎቅ ሆነ። በረዶ የያዘ ጫማ ከበሩ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ደረጃውን ሞላው። ወንዶቹ ደረጃው ላይ ቆምን። በሁለተኛው ቀን ከታች ያለው ጎረቤት፣ አሮጌ ኖርዌጂያን፣ በካልሲ ወጣና፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ በጣም በትሕትና፣ "ይቅርታ፣ እስከ ስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ዘነበች ከውስጥ ሰማችው። ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልወጣም። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሰውነቷ ብቻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሙሾ የሚያወርዱት እናት ዝም አሉ። ሰው እየተንሾካሾከ ሣልስቱ አለቀ።

ደረጃው ላይ ከጎኔ የቆመ አንድ ሰው፣ "ጥቁር ስለሆንን ነው ቤቱን የከለከሉን" አለ። ሌላው "ታዲያስ" አለ። ሦስተኛው ወደ እኔ ዞረና "ፓርላማው ምን ያድርግ፣ ብቻውን!" አለ።

እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ።

ክፉው ስሕተቴ እጄን ማንሣቴ አይደለም። ይሄ ነው። ያንን ወሬ ዝም ብዬ አሳደግኩት። ቤተ ክርስቲያን ተወራ፣ ገበያ ተወራ። በሚቀጥለው ምርጫ "የተገፋው ልጃችን" ተብዬ ከመጀመሪያው የበዛ ምልክት አገኘሁ። ዘረኝነት እዚህ አገር የለም አልልም፤ አለ፤ በመጥረጊያዬ ነክቼዋለሁ። ያን ቤት ግን እሱ አይደለም የወሰደብን። ጉንቮር ሁለተኛ ዘመኔ ሳይጋመስ ሞተች። የቀብር ሥርዓቷ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም፤ ማንም ድምፁን አላሰማም። እኔም አላሰማሁም። ቤቴ ስደርስ ግን በር ዘግቼ አለቀስኩ፤ ጮክ ብዬ።

ጡረታ ስወጣ ይሄን መጻፍ ጀመርኩ። ለሩት አነበብኩላት። እሷ አሁን ራሷ ኮሙን (ማዘጋጃ ቤት ነው) ውስጥ ነው የምትሠራው። እስከ ለቅሶው ድረስ ሰማችና፣

"ፓፓ፣ ይሄን ዘነበች ታውቃለች?" አለችኝ።

"አታውቅም።"

"እና እኔ ነኝ መጀመሪያ የምሰማው? ናይ፣ ፓፓ። ተነሥ፣ ሂድ።"

ሄድኩ። ዘነበች ልብስ እያጠፈች ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ እንደ ድሮዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ልብሱን ማጠፏን አላቋረጠችም። ስጨርስ አንድ አንሶላ አራት ቦታ አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"የታችኛውን ሰውዬ ታውቀዋለህ? ዕቃዬን በደረጃ የሚያወጣልኝ እሱ ነበር፤ ተሾመ ሲታመም ሾርባ ያመጣልኝም እሱ። 'እንደ እሱ ያሉት ናቸው ያስከለከሉን' ብዬ ከዚያ ለቅሶ ወዲህ ሰላም ብዬው አላውቅም። ሊፍቱ ውስጥ ሲገባ እወጣለሁ።" አንሶላውን ከጭኗ አነሣች። "ባለፈው ዓመት ልጁ ሞተችበት። አልወረድኩም። እኔ! ለቅሶ ያልደረስኩ!"

"ይቅር በዪኝ።"

"ለእኔ አትንገረኝ። ሂድና እድሩ ፊት ቁም።"

ቆምኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በምንከራየው ምድር ቤት፣ ከስልሳ ሰው በላይ ፊት። ወረቀት አልያዝኩም። ስጨርስ አንዱ ከኋላ፣ "ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ፈረንጅ ስንረግም ዝም ብለህ አሜን ትል ነበር?" አለ። "አዎ" አልኩት። ሌላው ደግ ሰው ነው፣ "ጋሽ ደምሴ ለእኛ ብሎ እኮ ነው..." ብሎ ጀመረ።

"አታባብሉት!" አለች ዘነበች ከመቀመጫዋ። "ለራሱ ብሎ ነው። ራሱ ነገራችሁ እኮ።"

ዳኝነቱን አስረከብኩ። ለማን እንደሚሰጥ ብዙ አልተከራከሩም፤ ለእሷ ሰጧት። የመጀመሪያ አጀንዳዋን ወዲያው ከፈተች። ባይዴሉ ሌላ ባዶ ቤት አለው፤ ማመልከቻ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቀበላሉ። "ማን ይጻፍ?" አለች። ሰው ሁሉ ጫማውን አየ። እሷ ወደ እኔ ጣቷን ቀሰረች።

"እሱ ይጻፍ። ወረቀታቸውን እሱ ያውቀዋል። ስሙ ግን አይግባ፤ የትም ቦታ አይግባ።"

ጻፍኩ። አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፍኩ፤ ሁለት ገጽ ሆነ። ቤቱን ሄጄ ቆሜበታለሁ። ረቡዕ ጠዋት አምስተኛ ፎቅ ወጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ከመጨረሻው ጀምራ አነበበችው። አንድ ቦታ ላይ ቆመችና ብዕር ጠየቀችኝ።

"'በትሕትና እንለምናለን' ይላል።"

"አዎ፣ እንደዚያ ይጻፋል።"

"ሰርዘው። ሰው ለማልቀስ አይለምንም።"

ሰረዝኩት። ስሟን ፈረመች። ከዚያ ካፖርቷን ለበሰች፤ ሊፍቱን ትታ በደረጃ ወረደች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። አራተኛ ፎቅ ስትደርስ ቆመችና፣ ማመልከቻውን ለእኔ አስይዛ፣ የሰውዬውን በር አንኳኳች።